ደብሪቱ ያለ አቀባይ

በሁለት ሺህ ሰባ ሁለት ዓ.ም. ክረምት ኮምቦልቻ ውስጥ ስለ ጨዋ ልጅ ከተነሳ የደብሪቱ ስም ሳይጠራ አይቀርም ነበር። እንግዳ ሲመጣ ብድግ ትላለች፣ ጉንጯን ለመሳም ታቀርባለች፣ «ደኅና ዋሉ? ልጆች እንዴት ናቸው?» ብላ ትጠይቃለች፤ ከዚያም የእንግዳውን ግንባር እያየች መልሱን እስከ መጨረሻው ታዳምጣለች። ነገሩ ያን ያህል የሚያስደንቅ አልነበረም። ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ ክትባት በተከተበበት ቀን አቀባይ የሚባለው ትንሽ መሣሪያም ጆሮው ውስጥ ይገባለታል። ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚባል፣ መቼ እንደሚሳቅ፣ ስንት ጊዜ እንደሚሳም የሚነግረው አያጣም። ዐይን ማየት የሚከብደው ልጅ ግንባር እንዲያይ ይመከራል። አዋቂውም ያው ነው። ከተማው ግንባር ለግንባር እየተያየ፣ ማንም ማንንም ሳያስቀይም፣ በሰላም ይኖራል።

ጉዱ ያለው ቤት ነው። ደብሪቱ ከመዋእለ ሕፃናት ተመልሳ በሩ ከኋላዋ እንደተዘጋ አቀባዩን ከጆሮዋ መንጭቃ ትወረውረዋለች። ጫማዋን አታወልቅም፣ ምግብ አትጠይቅም፤ አልጋ ሥር ትገባና በግድግዳው በኩል የሚያልፈው የውኃ ቧንቧ ላይ ግንባሯን ለጥፋ ታንጎራጉራለች። ዜማ የለውም፤ አንድ ድምፅ ነው። እራት እስኪደርስ እዚያው ናት። ሊያወጣት እጁን የሰደደ ሰው ተነክሶ ይመለሳል፤ አባቷ ኖላዊ የደረሰበትን እሱ ያውቃል።

እናቷ ረድኤት የጭነት ባቡር ጣቢያ ተቆጣጣሪ ናት። ከሥራ ስትመለስ አልጋው አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ያንን ድምፅ ታዳምጣለች። ጠዋት ጠዋት ደግሞ የመዋእለ ሕፃናቱ በር ላይ ይቺው ልጅ ዞር ብላ «እማዬ፣ እወድሻለሁ። መልካም ቀን ይሁንልሽ» ትላታለች። ረድኤትም «እኔም እወድሻለሁ፣ የኔ ማር» ብላ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ጠዋት በር ላይ የምትሸኛት ልጅና አመሻሹ ላይ አልጋ ሥር የምታገኛት ልጅ አንድ መሆናቸው ግራ ያጋባት ከጀመረ ቆይቷል።

ዘንድሮ ግን ግራ እንደተጋቡ የሚኖሩበት ዓመት አልነበረም። ልጅ አንደኛ ክፍል ሲገባ አቀባዩ ይታሸጋል፤ ትምህርት እስኪጨርስ አይወጣም። ደብሪቱ አልጋ ሥር ስትገባም አብሯት ይገባል ማለት ነው። ከዚህ የሚተርፈው ኦቲዝም እንዳለበት በምርመራ የተረጋገጠ ልጅ ብቻ ነው። እሱ ጸጥ ወዳለው ትምህርት ቤት ይላካል፤ እዚያ ሰው እንደየአቅሙ ያስተምረዋል፣ ያለ አቀባይም ይውላል። ምዝገባው በነሐሴ መጨረሻ ይዘጋል። ረድኤት ልጇን ከጠረጠረች ከራርማለች፤ ጥርጣሬ ግን ለምዝገባ አይበቃም።

ሰኔ ላይ ወደ ምዘና ማእከሉ ወሰደቻት። መርማሪዋ ሰው አይደለችም፤ ግድግዳው ላይ በምስል የምትታይ ሴት ናት፤ ሹሩባ ተሠርታለች፣ ስትስቅ የጥርሷ ፍንጭት ይታያል።

«ደብሪቱ፣ ጓደኛሽ ስታለቅስ ብታያት ምን ታደርጊያለሽ?»

ደብሪቱ አፍታ ቆየችና «አቅፌ አባብላታለሁ» አለች።

«ለምን?»

«ስለምታሳዝነኝ።»

ረድኤት እዚያው ወንበሯ ላይ ተቁነጠነጠች። ደብሪቱ በሕይወቷ ማንንም አቅፋ አታውቅም። ከመርማሪዋ ጋር ግን እንዲህ እያሉ ስለ ዘመድ፣ ስለ ልደት፣ ስለ ደስታና ስለ ኀዘን ተጨዋወቱ። በመጨረሻ ግድግዳው ላይ ያለችው ሴት ፊቷን ወደ ረድኤት መለሰች።

«ልጅዎ ፍጹም ጤነኛ ናት። እንኳን ደስ አለዎት።»

«እሷ አይደለችም እኮ የመለሰችልሽ! አቀባዩ ነው!»

«ሁሉም ልጅ በራሱ ጊዜ ያድጋል» አለች ሴቲቱ፣ ፍንጭቷን እያሳየች።

ረድኤት ከግድግዳ ጋር መጨቃጨቁን ትታ በረንዳ ላይ የቆመውን የማእከሉን ባለሙያ ያዘችው። እሱም አላንገራገረም፤ ያለ አቀባይ የሚመረመሩበት ክፍል ነበራቸው፤ የጠየቀ ሁሉ ይገባል። ደብሪቱን ይዛ ስትገባ ሌሎች ልጆችም ነበሩ። አንዱ መሀል ወለል ላይ ተገትሮ ያለቅሳል። አንዷ ጆሮዋን በጣቷ እየቆፈረች የሄደውን ድምፅ ትፈልጋለች። ሌላዋ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ፊቷን ቀብራለች። ስማቸውን ቢጠየቁ የሚመልስ ጠፋ። እናቶቹም የእነሱ አቀባይ በር ላይ ስለተወሰደ ምን ብለው እንደሚያባብሉ ጠፍቷቸው እርስ በርስ ይተያያሉ። ውጤቱ ሲመጣ ክፍሉ ውስጥ ያለው ልጅ ሁሉ ከባድ ኦቲዝም አለበት ተባለ።

ባለሙያው ሳቀ። «እህቴ፣ ያለ አቀባይማ ማን ጤነኛ አለ? ባለፈው ለጨዋታ ብዬ ራሴን አስመርምሬ ነበር። እኔም አለብኝ።»

«ታዲያ የቱ ነው እውነቱ? ጤነኛ ናት ወይስ አይደለችም?»

«ሁለቱም ተመዝግቧል። እርስ በርሱ የሚጋጭ ውጤት ደግሞ ለምዝገባ አያገለግልም።»

ረድኤት እዚያው ፊቱ እንባዋ መጣ። ባለሙያው ዙሪያውን ተገላምጦ አቀባዩን አወጣና በጭብጡ ያዘው። ያለሱ ድምፁ ቀጠነ። «ደሴ ሆጤ አንዲት ዶክተር አሉ። ሙፈሪያት ይባላሉ። ሰው በሰው የሚመረምሩ እሳቸው ብቻ ናቸው የቀሩት። የድሮውን ሕግ የሻረው ስለሌለ የሳቸው ፊርማ አሁንም ይሠራል። እሱ ነገረኝ እንዳትዪ» አላትና መልሶ ጆሮው ውስጥ ከተተው። ከዚያም ግንባሯን እያየ፣ ሞቅ ባለ ድምፅ፣ ሁሉም ልጅ በራሱ ጊዜ እንደሚያድግ አጽናናት።

በዚያ ሳምንት ይህን ዐረፍተ ነገር ያልነገራት ሰው አልነበረም። የሥራ ባልደረባዋ ነገረቻት። የጎረቤቷ ባል ደረጃ ላይ አስቁሞ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ነገራት። ቃሉ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ማን ከልቡ እንዳዘነላት፣ ማን የተቀበለውን እንዳስተላለፈ መለየት አቃታት። ኖላዊም እራት ላይ ያንኑ ሲደግምላት ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«እስቲ አውጣውና ንገረኝ።»

ኖላዊ አቀባዩን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ጣቶቹን አያቸው፣ የጨው ዕቃውን ከበርበሬው ዕቃ ጋር አስተካክሎ ደረደረ።

«ምን ልበልሽ?» አላት በመጨረሻ።

ቢያንስ ይህ የራሱ ነበር። ረድኤት አዘነችለትም፣ ተናደደችበትም።

የኖላዊ እናት እማማ ሶልያና ግን አቀባይ ኖራቸውም አልኖራቸው የሚሉት አያጡም። ስማቸው ራሱ ዕድሜያቸውን ይናገራል፤ የዚያ ዘመን አሮጊቶች ሁሉ ሶልያና፣ ኤልዳናና ናርዶስ ነበሩ፤ ሕፃናቱ ናቸው ወደ ደብሪቱና ወደ ጥሩነሽ የተመለሱት። «ዐይን ነው» አሉ እማማ ሶልያና። «ይህን የመሰለ አንደበት ያላት ልጅ ሰው ዐይን ውስጥ ሳትገባ ትቀራለች? ጸበል ውሰጃት። ደሴም ካልሽ ግን እኔ ሳልኖር አትሄዱም።»

ስለዚህ በሐምሌ የመጀመሪያው ቅዳሜ ሦስቱም በባቡር ደሴ ወጡ። ዶክተር ሙፈሪያት ሹራብ ደርበው በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ግንባር አያዩም፤ ዐይን ዐይን ነው የሚያዩት። ሰላምታ ሳያስቀድሙ ሳህን ዘረጉ።

«ጆሯችሁን ባዶ አድርጉ። ሁላችሁም።»

ረድኤት አቀባይዋን ስታወጣ የገዛ ራሷን ትንፋሽ ሰማችና ደነገጠች። ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። ዶክተሯ ወደ ደብሪቱ ጎንበስ አሉ።

«ስምሽ ማን ነው?»

ደብሪቱ ጣሪያውን አየች። ረድኤት አፏ ከሐሳቧ ቀደመና «ደብሪቱ ነኝ በያቸው» አለች። ዶክተሯ ቀና ብለው አይተዋት ወደ ልጅቷ ተመለሱ።

«ስንት ዓመትሽ ነው?»

«ንገሪያቸው እንጂ፣ የኔ እመቤት! አፍ የለሽም እንዴ?» አሉ እማማ ሶልያና፣ ከጎን ቀስ ብለው ክንዷን ቆንጠጥ እያደረጉ። «ሰባት ሊሆናት ነው። ዓይን አፋር ሆና ነው እንጂ ታውቀዋለች።»

«ይህ ምንድን ነው?» ዶክተሯ ብርቱካን አነሱ። ረድኤት በከንፈሯ «ብር...» ስትል ደረሱባት። ኳስ ወደ ልጅቷ አንከባለሉ፤ እማማ ሶልያና ከወንበራቸው ብድግ ብለው በእግራቸው መለሱት። ዶክተር ሙፈሪያት ወንበራቸውን ተደግፈው ሁለቱን ሴቶች ተራ በተራ አዩዋቸው።

«ዛሬ የመረመርኳችሁ እናንተን ነው። ደኅና ናችሁ። ዝም ማለት ብቻ ነው የማትችሉት።»

ረድኤት «ሰው ፊት ዝም ስትል ያሳፍራል ብዬ ነው» አለች።

«አውቃለሁ። እንግዳ ፊት ልጁ ዝም ካለ መሬት ተከፍታ ብትውጠው የሚመርጥ ሕዝብ ነን። አቀባዩን የሠሩት ልጆችም ሌላ አገር የተማሩት ጥበብ እንዳይመስልሽ። እናቶቻቸው የሚያደርጉትን አይተው ነው ጆሮ ውስጥ የከተቱት።» ሳህኑን መለሱላቸው። «አብሽሪ። ቅዳሜ ተመለሱ። መናገር ካማራችሁ እዚያው ባቡር ላይ ጨርሳችሁት ኑ።»

በሳምንቱ ዶክተሯ ለእማማ ሶልያና አንድ ሳህን ቆሎ ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «አንቱ አፍዎን ሥራ ያስይዙት» አሏቸው። ረድኤት እጇን ጭኖቿ መሀል ቀብራ ተቀመጠች። የሚሰማው ቆሎው ሲቆረጠም ነበር።

ደብሪቱ ክፍሉ መሀል ቆመች። ረድኤት ልጇ ዞራ እንድታያት ጠበቀች። በማእከሉ ያየቻቸው ልጆች ሁሉ ጭንቅ ሲላቸው ፊታቸውን ወደ እናታቸው አዙረው ነበር፤ ቀሚስ ውስጥ ፊቷን የቀበረችም ነበረች። ደብሪቱ አልዞረችም። ረድኤት «ነይ ወደ እኔ» ልትላት ምላሷ ላይ ደረሰ። ከንፈሯን ነከሰች። ልጇ ሰው ፊት ስትወድቅ ዝም ብላ የምታይ እናት ሆና መቀመጥ በሕይወቷ ከሠራችው ሁሉ ከባዱ ሥራ ነበር።

ደብሪቱ ጥግ ላይ ያለውን የውኃ እንስራ አገኘችው። ግንባሯን ለጠፈችበትና አልጋ ሥር የምታሰማውን ድምፅ አሰማች። ከዚያ ወለሉ ላይ የተበተኑትን የጠርሙስ ክዳኖች በጣውላው መስመር መደርደር ጀመረች፤ ከደማቁ ወደ ፈዛዛው። ዶክተሯ አጠገቧ ተንበርክከው መዶሻ ጣታቸው ላይ የወደቀ አስመስለው «ወይኔ ጣቴን!» ብለው ጮኹ። ረድኤት ግማሽ ተነስታ ተቀመጠች። እማማ ሶልያና ቆሎው ትን አላቸው። ደብሪቱ ቀና ሳትል የመጨረሻውን ክዳን አስቀመጠች፤ መስመሩን አየችና ሳቀች። አጭርና ሻካራ ሳቅ ነበር። ረድኤት ያንን ሳቅ ሰምታው አታውቅም። ልጇ ስትስቅ በየቀኑ ትሰማት ነበር፤ ይህኛው ግን የሌላ ሰው ነበር፤ ወይም ያኛው።

«አቀባይ ሳይገባላት በፊት እንዴት ነበረች?» አሉ ዶክተሯ።

ረድኤት ለዓመታት ማንም ሲጠይቃት «ደስተኛ ሕፃን ነበረች» ስትል ኖራለች፤ አሁን ግን ያ ዐረፍተ ነገር ከየት እንደመጣ አላወቀችም። ከሥሩ ያለውን ስትፈልግ፣ ስሟን ሲጠሯት የማትዞር፣ ደንቆሮ ናት ብለው ጆሮዋን ያስመረመሯት ሕፃን ትዝ አለቻት። በጣቶቿ ጫፍ ትሄድ ነበር። የጁስ መፍጫው ሲነሳ ጩኸቷ እስከ ታችኛው ፎቅ ይሰማ ነበር። ይህን ሁሉ ረስታው ነበር። መርሳቷ አስደነገጣት።

በዚህ መሀል እማማ ሶልያና እንደ ተማሪ እጃቸውን አወጡ። ቆሏቸውን ዋጡ።

«ኖላዊም እንዲህ ነበር» አሉ።

«አባቷ?»

«አባቷ። በአምስት ዓመቱ ነው የተናገረው። ከተናገረም በኋላ ሰው ቤት ስንሄድ ከጎኑ ቁጭ ብዬ በጆሮው እነግረው ነበር። አሁን ሳቅ፤ አሁን ተነስተህ ሳም፤ ነፍስ ይማር በል። ይህ አቀባይ የሚሉት እስኪመጣ ድረስ እኔ ነበርኩ አቀባዩ። ጎበዝ ተናጋሪ ነው እየተባለ ተዳረልኝ።» ነጠላቸውን ወደ ዐይናቸው ሳቡት። «ይቺንም ሳያት ገና በእቅፍ ሳለች ገብቶኝ ነበር። ዐይን ነው ያልኩት ከእናንተ ዘር ነው የመጣው እንዳልባል ብዬ ነው።»

ረድኤት ምን እንደሚሰማት አላወቀችም። ስታገባው ያጫወታት፣ ያሳቃት፣ የሠርጉ ቀን የተናገረው ሁሉ የማን ነበር? ከዚያ ደግሞ የጨው ዕቃውን ከበርበሬው ዕቃ ጋር ሲያስተካክል አሰበችውና ሆዷ ባባ። ልትቆጣም ልታለቅስም ስላልቻለች ከሳህኑ አንድ ጭብጥ ቆሎ ዘገነች።

ዶክተር ሙፈሪያት አልቸኮሉም። በአንድ ነገር አይፈረድም አሉ። ሐምሌን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ አመላለሷቸው፤ አንድ ቀን ራሳቸው ኮምቦልቻ ወርደው አልጋው አጠገብ ወለሉ ላይ ተጋድመው ውለዋል። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ረድኤትን ብቻዋን ጠሯት።

«ኦቲዝም ነው» አሏት። «አልጠራጠርም።»

ረድኤት ደስ አላት። ወዲያው ደግሞ ደስ በማለቷ ደነገጠች፤ ቀጥሎ አለቀሰች። ዶክተሯ አላባበሏትም፤ እስክትጨርስ ጠበቋት።

«ማእከሉም እንዲህ ብሎኝ ነበር እኮ» አለች። «ለሁሉም ነው የሚለው።»

«ሌሎቹን ልጆች አቀባይ አስንፏቸዋል። ሲወጣባቸው ይጠፋቸዋል፤ ግን ሰው ይፈልጋሉ፣ ፊት ያነባሉ፣ ውለው አድረው ይመለሳሉ። ያንቺ ልጅ ሲወጣላት ነው የሚቀላት። ወደ ሰው የምትመጣበት መንገድ ሌላ ነው፤ እስካሁን በዚያ መንገድ የጠበቃት የለም።» ወረቀቱን ፈረሙላት። «እንድትናገር ያስተምሯታል። ትንሽ ትናገር ይሆናል፣ ብዙም ትናገር ይሆናል። የምትለው ግን የራሷ ይሆናል።»

ረድኤት ወረቀቱን ተቀብላ አልተነሳችም። ከሐምሌ ጀምሮ ስትፈራው የከረመችው ጥያቄ ነበራት።

«ጠዋት ጠዋት በር ላይ እወድሻለሁ ትለኛለች። እሱስ?»

ዶክተር ሙፈሪያት መነጽራቸውን አውልቀው በሹራባቸው ወለወሉት።

«እሱን አላውቅም» አሉ። «አቀባይ ቢኖረኝ የምነግርሽ አላጣም ነበር።»

በመስከረም፣ ትምህርት በተከፈተበት ጠዋት፣ ረድኤት ደብሪቱን ይዛ ጸጥ ያለው ትምህርት ቤት በር ላይ ደረሰች። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ብርዱ አልወጣም፤ እጇ ቀዝቅዟል። የደብሪቱ ጆሮ ባዶ ነው። የረድኤት አልነበረም፤ ጣቢያው ያለ አቀባይ አያስገባም።

እንደ ልማዷ በሩ ጋ ቆማ ጠበቀች። ደብሪቱ የበሩን ማጠፊያ ታያለች። ዞር አላለችም። ሰዓቱ ሲደርስ የረድኤት ጆሮ ውስጥ ያ የለመደችው ለስላሳ ድምፅ መጣ፤ «እኔም እወድሻለሁ፣ የኔ ማር።»

ረድኤት ባለችበት ደርቃ ቀረች። ልጅቷ ምንም አላለችም። መልሱ ግን ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሁልጊዜም ተዘጋጅቶ ነበር። ያን ሁሉ ጠዋት ሲዋደዱ የኖሩት እነማን እንደነበሩ ማወቅ አቃታት። ልጇን እንደምትወድ ታውቃለች፤ የምታውቀው ግን በልቧ እንጂ በአቀባዩ አለመሆኑን እርግጠኛ ልትሆን ፈለገች። አቀባዩን አውጥታ ኪሷ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ የሚባል ነገር ፈለገች፤ አልመጣላትም። ዝም ብላ ቆመች።

ደብሪቱ ማጠፊያውን አይታ ጨረሰች። የእናቷን እጅ አነሳችና መዳፉን ዘረጋችው፤ ግንባሯን ለጠፈችበት፤ ያንን አንድ ድምፅ ማንጎራጎር ጀመረች።

እጇ ስለቀዘቀዘ ይሁን እናቷ ስለሆነች ረድኤት አላወቀችም። የምትጠይቀውም አልነበራት። ሥራ ረፍዶባታል፤ እጇን ግን አላነሳችም።